ጉልበቱ ለማይታጠፍ መካኒክ የተሠራ በርጩማ

ቀኝ ጉልበቴ አይታጠፍም። ከአደጋው በኋላ ሐኪሞቹ አጥንቱን በብረት አያይዘው ቀጥ አድርገው አስቀሩት፤ እንደዚያም ሆኖ መቆሜ አይከፋም። የእኛ አገር ጋራዥ ሥራ ግን በአመዛኙ ቁጢጥ ብሎ ነው። ጎማ ሲፈታ ቁጢጥ፣ የፍሬን ሸራ ሲቀየር ቁጢጥ፣ ዘይት ሲፈስ ደግሞ መሬት ላይ መጋደም። ስለዚህ እዚህ ጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ብየዳ ቤት ያሠራሁትን ባለ ጎማ በርጩማና ከመኪና ሥር መግቢያ አልጋ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን በባትሪ የሚሠራ ዳዶ መፍቻ እገመግማለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፤ በርጩማው ከሁሉም ይበልጣል፣ ብዙ ገንዘብ የበላው የባትሪው መሣሪያ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

ተሠርቶ የሚሸጠው የመካኒክ በርጩማ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሁለቱም እግሮቹ ለሚታጠፉለት ሰው ይህ ልክ ነው። እኔ ስቀመጥበት ግን ቀኝ እግሬ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይቀራል፤ ተረከዜ መሬቱን እየጎተተ በርጩማውን አላንቀሳቅስ ይለዋል፣ ወገቤም ይጣመማል። ለበያጁ ይህንን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። ወጣት ነው፤ ተቀምጬ እንዳሳየው ጠየቀኝና ከተረከዜ እስከ ዳሌዬ በሜትር ለካ። «ጋሼ፣ እግርዎ ራሱን የቻለ መቀመጫ ይፈልጋል» አለኝ። ከመቀመጫው በስተቀኝ በኩል ከቱቦላሬ የተሠራ ክንድ አወጣለት፤ ጫፉ ላይ ላሜራ ጣለበት፣ ከላሜራው ሥር አንዲት ጎማ ገጠመለት። እግሬ አሁን እዚያ ላይ ተኝቶ አብሮኝ ይሄዳል። ስነሳ ክንዱ ወደ ጎን ይታጠፋል። መቀመጫው ከአሮጌ መኪና ወንበር የተቆረጠ ስፖንጅ ነው፤ ከፍታውን 45 አደረግነው፣ ምክንያቱም ከዚያ ዝቅ ካለ ያለ ሰው እርዳታ አልነሳም።

መጀመሪያ የሰጠኝ በርጩማ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ ፍሬን አልነበረውም። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እዚህ ሜዳ የሚባል መሬት ማግኘት ዕድል ነው፣ የኛም ግቢ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ዘቅዛቃው ብቻ ቢሆን ታኮ ይበቃው ነበር። የባሰው ሌላ ነው። በጎማ ላይ ተቀምጠህ የጠበቀ ዳዶ በቁልፍ ስትስብ ዳዶው ንቅንቅ ሳይል አንተ ራስህ ወደ መኪናው ትሳባለህ። መልሼ ወሰድኩት፤ በግራ እጅ የሚዞር፣ ጫፉ ላይ ጎማ የተለበሰ ወፍራም ቡሎን በየዱበት። ሲጠብቅ መሬቱን ይነክሳል። ለዚህ ተጨማሪ አላስከፈለኝም። ቀለሙ ግን ከመጀመሪያው ክረምት በፊት ተላጠ፣ የብየዳውም ጠርዝ በደንብ ስላልተሞረደ ሱሪ ይቀዳል። ቀጠሮ ስለማክበር ባላነሳ ይሻላል።

አልጋው ከባድ ምርጫ ያለበት ዕቃ ነው። ከመኪና ሥር የሚገቡበት፣ በጀርባ ተኝተው የሚንሸራተቱበት ማለቴ ነው፤ ልጆቹ ቃሬዛ ይሉታል። ከውጭ የሚመጣው ፕላስቲክ አልጋ ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ለለስላሳ ሲሚንቶ የተሠራ ነው። ጠጠርና አፈር ባለበት ግቢ አንድ ጠጠር ካገኘው ይቆማል፤ እግሩን አጥፎ መሬቱን መግፋት የማይችል ሰው ደግሞ እዚያው ተገትሮ ሰው ይጠራል። ትልቅ ጎማ ጠጠሩን ይሻገራል፣ ነገር ግን አልጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ቪትዝን ከመሰለ ዝቅ ያለ መኪና ሥር ደረት አያሳልፍም። መፍትሔው ጎማዎቹን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ከጎንና ከጎን ማድረግ ነበር፤ አልጋው በመካከላቸው ወርዶ መሬቱን ሊነካ ሁለት ጣት ሲቀረው ይንጠለጠላል። ጎማዎቹን ከአሮጌ የዕቃ ጋሪ አገኘን። በራስጌው በኩል ደግሞ መያዣ ብረት አለ፤ የመኪናውን አካል ይዤ በእጄ ብቻ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ጉዳቱ ስፋቱ ነው፤ በሁለት ጎማዎች መካከል ከጎን ሲገቡ አንዳንዴ ከብረት ድጋፉ ጋር ይጋጫል።

ድጋፉን ካነሳሁ አይቀር፦ ክሪክ ብቻውን መኪና ተሸክሞ ከሥሩ መግባት ለማንም ክልክል ነው፣ ሮጦ መውጣት ለማይችል ሰው ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። የዘይት ክሪክ ጎሚኒው፣ ማለትም ዘይቱን የሚይዝለት ላስቲክ፣ ካረጀ በዝግታም ሆነ በድንገት ይወርዳል። ባለ ሦስት እግር የብረት ድጋፍ በሁለቱም በኩል፣ ታኮ ከማይነሱት ጎማዎች ፊትና ኋላ፤ ከዚያ በኋላ ነው አልጋው የሚገፋው።

ወደ ባትሪው መፍቻ ልምጣ። እዚህ መካኒክ የጎማ ዳዶ የሚፈታው ቁልፉ ላይ በእግሩ ቆሞ ነው። እኔ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ ስለማልችል መሣሪያው ይገላግለኛል ብዬ ነበር። ለቪትዝና ለኮሮላ ይሠራል፤ ለአይሱዙ ግን ድምፅ ብቻ ነው። ክብደቱም ክንድ ያደክማል፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ባትሪው ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። አሁን አብዛኛውን ሥራ የምሠራው በ70 ሳንቲ ሜትር እጀታ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የቪትዝ የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ኃይል መለኪያ) ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ይህን ለማግኘት 42 ኪሎ ያህል መጫን ያስፈልጋል፣ በ70 ሳንቲ ሜትሩ ግን 15 ኪሎ ይበቃል። የዛገ ዳዶ ሲፈታ ከዚህ በላይ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ተቀምጬ በክንዴ የምችለው ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ቁልፍ እጠቀማለሁ፤ በባትሪው መሣሪያ እስከ መጨረሻ ያጠበቀ ሰው የቡሎኑን ጥርስ ይበላል።

አንድ ርካሽ ነገር ልጨምር። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ክንዱን እንደልቡ አያወዛውዝም፤ ስለዚህ ራቼት (ከዳዶው ሳይነሳ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የሚፈታ እጀታ) ስትገዙ የውስጥ ጥርሱን ብዛት ጠይቁ። ባለ 36 ጥርሱ ለአንድ ጠቅታ 10 ዲግሪ መዞር ይፈልጋል፣ ባለ 72ቱ 5 ዲግሪ ብቻ። ከካምቢዮ አጠገብ ባለ ጠባብ ቦታ ይህ ልዩነት ሥራውን ይወስነዋል።

ለበርጩማውና ለአልጋው አንድ ላይ 8,500 ብር ከፈልኩ፤ ግማሹን በቅድሚያ፣ ግማሹን ስረከብ። ማሠራት የሚፈልግ ሰው ጎማዎቹን ራሱ ፈልጎ ይሂድ፣ ዋጋው ይቀንሳል። ከመሄዱ በፊትም የሚሠራበትን በጣም ዝቅተኛ መኪና ከመሬት ያለውን ክፍተት፣ በድጋፍ ላይ ከቆመ በኋላ፣ ለክቶ ይያዝ፤ በያጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ፍሬን ያለው በርጩማም ከመጀመሪያው ይዘዝ። እኔ አሁን የጠየቅሁት ኮፈን ከፍቼ ሞተር ላይ ጎንበስ ስል ደረቴን የሚደግፍ መደገፊያ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ብሎኛል።