ሊድ ጊታር ተጫዋቾች፣ ቦክስ ጊታር ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን ባለሙያ አማክሩ

ባንድ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጊታር ሊድ ነው የምጫወተው። ሰሞኑን ከአንዲት ድምፃዊት ጋር ለሁለት ብቻ፣ ያለ ድራም ያለ ቤዝ የሚሠራ ሥራ ስለመጣ ቦክስ ጊታር (ያለ ኤሌክትሪክ በሳጥኑ የሚጮኸውን) መግዛት ግድ ሆነብኝ። ያስመረጡኝንና ያስተካከሉልኝን ጋሼን በአደባባይ ላመስግናቸው ብዬ ነው።

ጋሼ ጊታር ጠጋኝ ናቸው፣ ያገለገለም ይሸጣሉ። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፣ አሁን መገናኛ አካባቢ ናቸው። እንደገባሁ ዓይኔ ያረፈው ከሁሉም ውድ በሆነው ድሬድኖት በሚባለው ባለ ትልቅ ሳጥን ጊታር ላይ ነበር። ሌላ ነጋዴ ቢሆን "ምርጫህ ግሩም ነው" ብሎ ጠቅልሎ ይሰጠኛል። እሳቸው ግን "ኤሌክትሪኩ ላይ ስንት ቁጥር ክር ነው የምታስረው ልጄ?" አሉኝ። 9 ስላቸው ሳቁና "እስቲ በዚህ ትዝታ ተጫወት" ብለው ያንኑ ድሬድኖት አቀበሉኝ።

12 ቁጥር ነው የታሰረበት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። ሦስተኛው ክር ላይ ቤንድ ላደርግ፣ ማለትም ድምፁ እንዲወጣ ክሩን ወደ ጎን ልስብ፣ ስል ንቅንቅ አልል አለ። ኤሌክትሪክ ላይ ሦስተኛው ክር ብዙ ጊዜ ባዶ ሽቦ ነው፤ ቦክስ ላይ ግን ሽቦ የተጠመጠመበት ስለሆነ እንደዚያ አይታጠፍም። "ስላይድ አድርገው እንጂ! ክራር ላይ ማን ክር ሲስብ አየህ?" አሉኝ፤ ጣትህን ክሩ ላይ አንሸራት ማለታቸው ነው። ለዚች አንዲት ቃል ብቻ ብከፍላቸው አይቆጨኝም፤ አጨዋወቴን ነው የቀየረችው።

ድሬድኖት የጊታር አምራቹ ማርቲን በ1916 እ.ኤ.አ. የጀመረው ትልቅ ሳጥን ነው። ባሱ ከባድ ስለሆነ ከድምፃዊት ጋር ለሁለት ስትሠሩ ድምጿን ይጫናል። ያስመረጡኝ ያማሃ ኤፍኤስ 800 ነው፦ ሳጥኑ አነስ ያለ፣ ፊቱ አንድ ወጥ የስፕሩስ እንጨት፣ ነቱ ጋ (ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፍበት) የአንገቱ ስፋት 43 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከለመድኩት አንገት ብዙ የማይርቅ። የክሩ ርዝመት 634 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኤሌክትሪክ ጊታሬ፣ የስትራቶካስተሩ፣ 648። ክሩ ሲያጥር በዚያው ቅኝት ላይ ይላላል፣ ለጣት ይመቻል።

ፒክ አፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ማጉያ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ካልሆነ ብዬ ተከራክሬያቸው ነበር። "ገንዘብህን እንጨቱ ላይ አውል፣ ፒክ አፕ በኋላ ይገባል" አሉ። በዚህ እስካሁን አልተስማማንም፤ ሞኒተር (ለተጫዋቹ ድምፁን የሚያሰማው ስፒከር) በሚጮህበት መድረክ ላይ በማይክ መሥራት ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል።

ከዚያ ማስተካከሉ መጣ። ክሩን ወደ 11 ቁጥር ቀየሩት። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ የክሩን ከፍታ በማስመሪያ ለኩ፤ ወፍራሙ ክር ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። ሳድሉን (ክሩ ሳጥኑ በኩል የሚያርፍበትን ቁራጭ) አውጥተው መስታወት ላይ ባነጠፉት የብርጭቆ ወረቀት ከሥሩ ይፍቁታል፣ መልሰው ይለካሉ፣ ደግሞ ይፍቁታል። "የተፋቀ አይመለስም" እያሉ በጣም በጥቂት በጥቂቱ ነው። 2.5 አካባቢ ሲደርስ አቆሙ። እንደ ኤሌክትሪኩ ዝቅ ይበልልኝ ብላቸው ጠንከር አድርገህ ስትመታው ክሩ ፍሬቱን እየነካ ይንጫጫል ብለው እምቢ አሉ። ልክ ነበሩ።

እዚያው ሆኜ አንድ ወጣት የናይለን ጊታር ይዞ መጣና የብረት ክር እሰሩልኝ አላቸው። ገንዘቡን መለሱለት። የብረት ክር ውጥረት በጣም ስለሚበልጥ ብሪጁን (ክሩ ሳጥኑ ላይ የሚታሰርበትን እንጨት) ከፊቱ ላይ ይገነጥለዋል፤ ሰው ግን ክሩን ሱቅ እየገዛ ራሱ ያስራል።

የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ስለሆነ ወጥ እንጨት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከመስኮት አርቁት፣ ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ ላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ ይላሉ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ጠዋት ጥገና ላይ ስለሚሆኑ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ኤሌክትሪክ ጊታራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ አንገቱን ማየት ይፈልጋሉ።