ኖኮ ጂቢ40፦ መኪና አልነሳ ሲል የሚያዋጣበትና የማያዋጣበት

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ወይም ሌላ ትንሽ የቤንዚን መኪና ለሚነዳ ሰው፣ ባትሪው የደከመ መኪና የሚያስነሳው ተንቀሳቃሽ ማስነሻ ኖኮ ጂቢ40 ገንዘቡን የሚመልስ ዕቃ ነው። ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ላንድክሩዘር ላለው ግን አይበቃም። አይሱዙ ኤፍኤስአርና ሲኖትራክ ላይ ደግሞ ጨርሶ መሞከር የለበትም፤ እነሱ 24 ቮልት ናቸው፣ ይህ የተሠራው ለ12 ቮልት ብቻ ነው።

ዕቃው 1 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ቀይና ጥቁር መያዣ ያለው አጭር ገመድ፣ የእጅ ባትሪ የሚሆን መብራትና ስልክ የሚሞላ ዩኤስቢ አለው። አምራቹ 1000 አምፔር፣ እስከ 6 ሊትር ቤንዚንና እስከ 3 ሊትር ናፍጣ ብሎ ጽፎበታል። 1000 የሚባለው የቅጽበት ጣሪያ ነው፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሲጎትት የሚያገኘው ከዚያ በጣም ያንሳል። የቪትዝ ሞተር ብዙ ስለማይጠይቅ ልዩነቱ አይታወቀውም። ናፍጣ ግን ኮምፕረሽኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ሞተሪኖው አጥብቆ ይጎትታል፤ ስለዚህ በናፍጣ መኪና የሊትሩን ገደብ አክብሩ። ለላንድክሩዘሩ ያው ኩባንያ የሚሠራው ጂቢ70 እስከ 6 ሊትር ናፍጣ ስለሚችል እሱን መግዛት ይሻላል።

የአውቶማቲክ መኪና ባለቤት ይህን ዕቃ ከሁሉም በላይ ይፈልገዋል። በሰፈር ልጆች ግፊ የሚነሳው ማንዋል ማርሽ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ሞተሩ ካልሠራ የዘይት ግፊት ስለማያገኝ ጎማውን ከሞተሩ ጋር አያገናኝም፤ ሲገፉት ቢውሉ አይነሳም።

ሣጥኑን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ድምፁን ስሙት። ማስነሻ የሚፈታው የባትሪ ድካምን ብቻ ነውና። ቁልፍ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ የዳሽቦርዱ መብራት ከፈዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል። አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ፣ መብራቱም ድምቀቱን ካልቀነሰ፣ ሞተሪኖውን ጠርጥሩ፤ ካርቦኑ አልቆ ወይም ኃይሉን የሚያገናኝለት የሶሌኖይዱ መዳብ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ምንም ድምፅ ከሌለና መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አድርጋችሁ ሞክሩ፤ በኤን ከተነሳ ጥፋቱ የማርሽ ስዊቹ ነው። ካልሆነ የስታርት ሪሌውንና ፊውዙን እዩ። ሞተሩ እንደ ወትሮው በፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ የጎደለው ነዳጅ ወይም የካንዴላ እሳት ነው፤ ጂቢ40 እዚያ ምንም አያደርግም።

ቮልት በሚለካ ርካሽ ቴስተር ማረጋገጥ ይቻላል። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ በሉት። ሲቆም 12.5 እያሳየ ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪ ግን ቻርጅ ሳይሆን ቅያሪ ነው የሚፈልገው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ቁልፉን፣ መብራቱንና ሬዲዮውን አጥፉ። ቀዩን መያዣ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ነጌቲቩ ላይ ወይም ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ አስይዙ። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ መያዣው ዱቄቱን ነክሶ ይቆማል እንጂ ብረቱን አያገኝም፤ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። ማብሪያውን ስትጫኑ ነጩ የቡስት መብራት ከበራ ዝግጁ ነው። መያዣዎቹን አገላብጣችሁ ካስያዛችሁ ቀይ የስህተት መብራት ያበራል እንጂ ኃይል አይለቅም። ቁልፉን ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዙት፤ ካልተነሳ 30 ሰከንድ ቆይታችሁ ድገሙት። ከአምስት ሙከራ በኋላ 15 ደቂቃ አሳርፉት።

ነጩ መብራት ጭራሽ ካልበራ ባትሪው ከ2 ቮልት በታች ወርዷል፣ ዕቃውም ባትሪ መኖሩን አላወቀም ማለት ነው። ለዚህ ጊዜ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ 3 ሰከንድ ተጭኖ ሲያዝ ኃይሉን በግድ ይለቃል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁልፍ ሲሠራ የእሳት ብልጭታውም ሆነ የተገላቢጦሽ መከላከያው ይጠፋል፤ ፖዘቲቭና ነጌቲቩን ያሳሳተ ሰው የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ምልክቶቹን በመብራት ሁለት ጊዜ ሳታዩ አትንኩት። ያበጠ ወይም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ባትሪ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትሰኩ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፦ በማስነሻው ተነሳ ማለት ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም። መያዣው የነከሰው የመኪናውን የገመድ ራስ ከሆነ፣ ችግሩ በገመድ ራሱና በባትሪው ምሰሶ መሃል ያለው ዝገት ሊሆን ይችላል፤ ማስነሻው ያንን ዘሎ ያልፈዋል። አዲስ ባትሪ ፍለጋ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት የገመዱን ራስ ፈትታችሁ አጽዱና አጥብቁ።

ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ከዚያ ቀዩን ንቀሉ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መነበብ አለበት። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ወይም እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ነው የታመመው፤ መኪናው ነገም አይነሳም። ዲናሞ ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚፈቱ መካኒኮችን እባካችሁ ከልክሏቸው። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ይዘልና ኮምፒውተሩን ሊገድለው ይችላል፤ ቴስተር እያለ ምንም አያስፈልግም። ባዶ የነበረ ባትሪም በሃያ ደቂቃ የከተማ መንገድ አይሞላም። የቪትዝ 35 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ3.5 አምፔር ቻርጀር ከ10 ሰዓት በላይ ይፈልጋል።

ጉድለቶቹን ልንገራችሁ። የሚሞላው በማይክሮ ዩኤስቢ ነው፤ ያ ደግሞ የቆየ ዓይነት ገመድ ነው። በ2.1 አምፔር ቻርጀር 3 ሰዓት ይወስዳል፣ በደካማ ቻርጀር ደግሞ ብዙ ይቆያል። ቮልት የሚያሳይ ስክሪን የለውም፤ አራት መብራቶች ብቻ ናቸው። ገመዱ አጭር ስለሆነ ባትሪው ጠባብ ቦታ ላይ ባለበት መኪና ሣጥኑን የሚያሳርፉበት ስፍራ መፈለግ ግድ ነው፤ ቺንጋ አጠገብ ግን አታስቀምጡት። «በአንድ ሙሌት 20 ጊዜ» የሚለው ለትንሽ ሞተርና ላልሞተ ባትሪ ነው። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላና ጉልበቱ ከፍ ያለ የፈለገ ጂቢኤክስ45ን ይይ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ባለ 12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ሲሞት መኪናው በሩን እንኳ አልከፍት ሊል ይችላል። ባትሪው ሊድ አሲድ ከሆነ ጂቢ40 ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ አንዳንድ ሞዴሎች ግን በ12 ቮልቱም ቦታ ሊቲየም ስላላቸው የመኪናውን መመሪያ ሳታነቡ አትሰኩ።

 ከውጭ ለሚያስመጣ፦ እንደ ፓወር ባንክ ስለሚቆጠር የሚጫነው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ካርጎ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያስቀሩታል። እዚህ ገበያ ላይ ብራንድ የሌለው «2000 አምፔር» የተጻፈበት ሲቀርብላችሁ የገመዱን ውፍረትና የሣጥኑን ክብደት አመዛዝኑ፤ እንደ ስልክ ቻርጀር የቀጠነ ገመድ ያንን ኃይል ሊያሳልፍ አይችልም። ከገዛችሁት በኋላ በየሦስት ወሩ ሙሉት፤ ድሬዳዋ ወይም አፋር የምትነዱ ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ ሳይሆን ከወንበር ሥር፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት።