ለባጃጅ የትኛው አምፕ ይሻላል? ኤቢ፣ ዲ ወይስ ባለ ፕሮሰሰር

አምፕ የቴፑን ድምፅ የሚያጎላው ዕቃ ነው፤ ኤቢና ዲ የሚሉት የአሠራሩን ዓይነት ነው። ሳጥኑ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበት አምፕ ሲያሳዩህ መጀመሪያ ገልብጠህ ፊውዙን እይ። 15 የሚል ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 15 አምፒር በ13 ቮልት ሲባዛ 195 ዋት ይመጣል። ከባትሪ ያለማቋረጥ የሚስበው ቢበዛ ይሄን ያህል ነው፣ ከዚያም ላይ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የተረፈው 800 ምናምን ዋት የካርቶን ቀለም ነው። «አርኤምኤስ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ፣ ያለማቋረጥ የሚያወጣው ዋት ማለት ነው፤ ሻጩ «ማክስ፣ ማክስ» እያለ ከተከራከረህ ሌላ ሱቅ ግባ።

የመጀመሪያው አምፔ ያገለገለ ባለ አራት ቻናል ኤቢ ነበር። ድምፁ ማር ነው፣ አልዋሽም። ግን ኤቢ ከሚስበው ኃይል ወደ ድምፅ የሚቀይረው ከ50 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ነው። አንድ ክረምት ማታ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ሞተር አጥፍቼ ተራ እየጠበቅኩ አንድ ሰዓት ያህል ሳዘፍነው ቆየሁ። ተሳፋሪ ሞልቶ ላስነሳ ስል «ጠቅ» ብሎ ቀረ። ደሴ ደግነቱ ቁልቁለት አያሳጣም፤ ሁለት ልጆች ወርደው ገፉልኝና ተነሳ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቢሆን እዚያው አድር ነበር።

ባለ ዲ የሚባለው ከ80 እስከ 90 በመቶውን ወደ ድምፅ ይቀይራል። በቁጥር ላስቀምጠው፦ 100 ዋት ለማውጣት ኤቢው ወደ 14 አምፒር ሲጠጣ ዲው 9 አካባቢ ይበቃዋል። ሙዚቃ ሁልጊዜ ጣሪያ ላይ ስለማይጮህ በአማካይ ሁለቱም ከዚህ ያነሰ ይስባሉ፣ ግን እንደኛ ባትሪው ትንሽ ለሆነ ሰው ልዩነቱ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ዲው መጠኑ የእጅ መዳፍ ስለሚያክል ወንበር ሥር ይገባል፣ ብዙም አይግልም። ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ኤቢውን ወንበር ሥር ቀብሮት ቀን ቀን እየጋለ ራሱን ያጠፋበት ነበር፤ ኤቢ አየር ይፈልጋል። የዲ ጉድለቱ ርካሹ ላይ ነው፤ ኤፍኤም ስትከፍት «ሽሽሽ» የሚል ይጨምርብሃል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ሬዲዮ ከፍተህ ስማው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ልምጣ። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ስታሳድግ የምታገኘው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮህ «ትንሽ ጨመረ» ይልሃል እንጂ እጥፍ አይሆንም። እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ወደ 10 ዲሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። የስፒከሩ ወረቀት ላይ ግን ሴንሲቲቪቲ የሚል ቁጥር አለ፤ በተሰጠው ዋት ምን ያህል ዲሲቤል እንደሚጮህ ይነግርሃል። 88 የነበረውን በ91 ብትቀይር አምፑን እጥፍ እንዳደረግከው ነው፤ ባትሪህም አይነካም። እኔ ብሩ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃኝ ስፒከሩን ነው የምቀይረው።

ፕሮሰሰሩስ? ዲኤስፒ የሚሉት ድምፁን በዲጂታል ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚገባውን የሚያድል ዕቃ ነው። እንደ ሃርሊ ያሉት ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች ላይ ትርጉም አለው፤ ቴፑ ከፋብሪካ የራሱ ማስተካከያ ተጭኖበት ስለሚመጣ፣ አምፕ ስትጨምርበት ያንን የሚያቀና ነገር ያስፈልጋል። የስፒከሮቹን ድምፅ እኩል ጆሮ ላይ ለማድረስ የሚያዘገየውም ክፍል ለሞተረኛው ይሠራል፣ ጭንቅላቱ ሁሌ አንድ ቦታ ነዋ። ባጃጅ ውስጥ ግን አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ መሐል ተቀምጦ፣ ጎኑም ክፍት ሆኖ ለማን ታስተካክለዋለህ? ለብቻው ዲኤስፒ መግዛት ለባጃጅ ትርፍ ወጪ ነው። በስልክ ወይም በላፕቶፕ የሚያስተካክልልህ ሰው ካላገኘህ ደግሞ ጭራሽ ከነበረው ያበላሸዋል።

ከዲኤስፒ ሥራ ለእኛ የሚጠቅመው አንዱ ብቻ ነው፤ ሃይ ፓስ፣ ወፍራሙን ባስ ቆርጦ የሚያስቀረው። አብዛኛው ዲ አምፕ ላይ ትንሽ ቁልፍና ማዞሪያ ሆኖ አብሮት ይመጣል። 100 ኸርዝ አካባቢ አድርገው። ትንሽ ስፒከር ክፍት ቦታ ላይ ከዚያ በታች ያለውን ባስ ሊያወጣው ሲታገል ነው የሚቀደደው። ባሱን ስትቀንስበት የዘፋኙ ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል። መሞከሪያዬ አምባሰል በማሲንቆ ነው፤ የፈረስ ጭራው ፍትጊያ ካልተሰማህና ሲጮህ ብቻ ከተሰማህ ቱዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ በዝቷል። ቀጥዬ መንዙማ አስገባለሁ፤ ድቤው ቃሉን መዋጥ የለበትም። አንዴ አንዲት እናት ከኋላ «ልጄ፣ ጆሮዬን ቀደድከው» ብለውኝ የቱዊተሩን ሽቦ እዚያው ነቅዬዋለሁ። ልክ ነበሩ።

ሞክረህ ስትገዛ ሞተሩ እየሠራ ይሁን። ጋዝ ስትሰጥ አብሮ ከፍ የሚል ፉጨት ከመጣ፣ የድምፁ ገመድ ከኃይሉ ሽቦ ጋር ተጠጋግቶ ተዘርግቷል፣ ወይም ግራውንዱ፣ ከባጃጁ ብረት ጋር የሚገናኘው ሽቦ፣ ቀለም ላይ ታስሯል፤ ብረቱን ፍቀህ እሰረው። የባትሪው ፊውዝ ከባትሪው አንድ ክንድ ባልራቀ ቦታ ይሁን። የደሴ ክረምት ወንበር ሥር ስለሚገባ ሰርኪዩቱ እርጥበት እንዳይነካው የተቀባ፣ ለጀልባ ተብሎ የሚሠራውን ዓይነት ካገኘህ ትንሽ ጨምረህም ውሰደው። «ሪሞት» የሚባለው፣ አምፑን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቀጭን ሽቦ ከቴፑ ይምጣ፤ ባለሙያው ለመቸኮል በቀጥታ ባትሪ ላይ ካሰረብህ አምፑ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል፣ ጠዋት ደግሞ እኔ ቧንቧ ውሃ የሰማሁትን «ጠቅ» ትሰማለህ።