ተጠንቀቁ፦ የአባቴን ሸክላዎች ሰጥቼ ፎርጅድ ገዛሁ

ይህን የምጽፈው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ስረጋጋ እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሌላ ሰው እዚያው ሱቅ ሊገባ ይችላል።

ማንቸስተር ውስጥ ያገለገለ ሸክላ የምትገዙ፣ ከቤተሰብ የወረሳችሁትን የድሮ የአማርኛ ሸክላም የምትሸጡ ወገኖች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ሰውዬውን ግን ታውቁታላችሁ። እንደሱ ያለ በየከተማው አለ። መደርደሪያውን ስታገላብጡ ዝም ብሎ ያያችኋል። የምትወዱትን ካወቀ በኋላ ጠጋ ብሎ "አንድ ነገር አለኝ፣ ለማንም አላሳየሁትም" ይላል። ከባንኮኒው ሥር ያወጣል። ሌላ ሰው ለነገ ቀጠሮ ይዞበታል ይላል። ሻይ ይጋብዛል። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ገባሁበት።

ያወጣልኝ የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የጆይ ዲቪዥንን የመጀመሪያ ሸክላ ነበር። "አን አይዲያል ፎር ሊቪንግ" ይባላል። ሰባት ኢንች ነው፣ አራት ዘፈን ብቻ አለው። ፖስት ፓንክ የሚባለውን የሮክ ዓይነት የሚሰማ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ያውቃል። ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። በ1977 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አራት ልጆች እዚህ አጠገባችን ኦልድሃም ከተማ ስቱዲዮ ገብተው ቀረጹት። ያኔ የባንዱ ስም ገና ዋርሶ ነበር። የሚያሳትምላቸው ኩባንያ አልነበራቸውም። ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ ሥራ ፈላጊ የሚስተናገድበት የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ነበር። በ1978 በራሳቸው ገንዘብ 1000 ቅጂ አሳተሙ። ሽፋኑ ሲዘረጋ ፖስተር ይሆናል። ጊታሪስቱ በርናርድ ሰምነር ከበሮ የሚመታ የናዚ ወጣቶች ማኅበር ልጅ ሥሎበታል። ያ ሥዕል ብዙ ውግዘት አምጥቶባቸዋል፣ እኔም አልወደውም። ሥራው ግን የራሳቸው እጅ ሥራ ነው። ከርቲስ በ1980 በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ዛሬ ኦሪጅናሉ በጣም ውድ ነው። ፎርጅዱም እንደዚያው በዝቷል።

እዚህ አገር ስገባ 19 ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ በተሰጠኝ ክፍል አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሌሊት ሌሊት ጆይ ዲቪዥንን ይከፍት ነበር። እንግሊዝኛው በቅጡ አይገባኝም ነበር። ባዶነቱ ግን ገባኝ። ስለዚህ ሰውዬው ሸክላውን ሲያወጣው ዋጋ አልታየኝም። ያ ክረምት ነው የታየኝ።

"1000 ፓውንድ" አለኝ። ለምን ረከሰ ስለው ሽፋኑ ጥግ ላይ መቀደዱን አሳየኝ። የነበረኝ 700 ነበር። ያን ጊዜ ባለፈው ወር የሐበሻ ሸክላ እንዳለኝ ነግሬው እንደነበር አስታወሰኝ። አስቡት፣ ከአንድ ወር በፊት ያወራሁትን ይዞ ጠብቆኛል። "እነሱን አምጣና የጎደለውን እናቻችለዋለን" አለኝ።

ሸክላዎቹ የአባቴ ናቸው። ሲያርፍ እህቴ በነጠላ ጠቅልላ በሻንጣ ያመጣችልኝ። የአለማየሁ እሸቴ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የማህሙድ አህመድ። ስድስት ነበሩ። አባቴ ለሰርግና ለክርስትና ጎረቤት ስለሚዋሰው፣ እንዳይጠፋበት እያንዳንዱ መሃል ላይ ያለው ክብ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይፈርምበታል። ከፊርማው ሥር ዓመተ ምሕረቱን ይጽፋል።

እንዴት ሰጠኸው ትሉኛላችሁ። ራሴን ያሳመንኩበትን ልንገራችሁ። ከነዚያ ሸክላዎች ሦስቱ አምሃ እሸቴ ያሳተማቸው ናቸው። አምሃ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። ደፍሮ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። እኔ ደግሞ የጆይ ዲቪዥን ልጆችም፣ አምሃም፣ ማንንም ሳይለምኑ ያሳተሙ ናቸው፣ አባቴ ቢኖር ይገባው ነበር አልኩ። እየተሸወድኩ ምክንያት እደረድርለት ነበር። ሰውዬው እያንዳንዱን በ50 ፓውንድ ቆጠረልኝ። 700ውን ካሽ ሰጠሁት።

ከመክፈሌ በፊት ላድምጠው ብዬው ነበር። "መርፌ ባስነካኸው ቁጥር ዋጋው ይወርዳል" አለኝ። ተቀበልኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ድምፁ የታፈነ ነው። እዚህ ጋ ነው በራሴ የምናደደው። ኦሪጅናሉም ድምፁ መጥፎ መሆኑን አንብቤአለሁ። በየገጹ ስድስት ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ሰባት ኢንች ላይ ስለጠቀጠቁት ነው። በዚያው ዓመት በአሥራ ሁለት ኢንች፣ በሌላ ሽፋን ደግመው ያሳተሙትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ድምፁ በታፈነ ቁጥር ይበልጥ አመንኩ። ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

ረቡዕ ማታ ከሃያ ዓመት በላይ ሸክላ የሰበሰበ ወዳጄ ቡና ሊጠጣ መጣ። እሱ ኦሪጅናሉን በእጁ ይዞ ያውቃል። ሽፋኑን ዘርግቶ በማጉያ መነጽር አየው። ብዙ ቆየ። ከዚያ መነጽሩን አቀበለኝና ትንንሾቹን ፊደሎች እንዳይ ነገረኝ። ጠርዛቸው ወፍሯል፣ ቀለሙ ፈስሷል። ከታተመ ሽፋን ላይ ፎቶ ተነስቶ እንደገና የታተመ ነው። ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር እንኳ ነጭና አዲስ ነው። የ1978 ወረቀት እንደዚያ አይሆንም። "አይዞህ" ብቻ ብሎኝ ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ።

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ሰውዬው ባንኮኒው ኋላ ተቀምጧል። አጠገቡ የሚሠራው ወጣት ሳጥን እየከፈተ ነው። ሸክላውን አስቀመጥኩና ፎርጅድ ነው አልኩት።

በሁለት ጣቱ ብድግ አደረገው። አላየውም እንኳ።

"ማን ኦሪጅናል ነው አለህ?"

"አንተ ነህ ያልከኝ።"

"ደረሰኝህን አሳየኝ።"

አወጣሁት። እስከዚያች ደቂቃ አላነበብኩትም ነበር። "ያገለገለ ሰባት ኢንች ሸክላ፣ አንድ" ይላል። የባንዱ ስም የለም። ዓመት የለም። 700 የሚል ቁጥርም፣ ስለስድስቱ ሸክላ የሚልም የለም። ጣቱን ደረሰኙ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። ወጣቱ ሳጥን መክፈቱን ትቶ ፈገግ አለ። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ "ሙዚቃው ያው ነው እኮ፣ ይሰማል አይደል?" አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እሱን ላለማየት ቀና አልኩ። ከኋላው ግድግዳው ላይ የአባቴ ሸክላዎች ተደርድረዋል። ስድስቱም በአዲስ ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው። የድሮው የወረቀት ከረጢት መሃሉ ክፍት ስለሆነ ክቡ ወረቀት ይታያል። የአለማየሁ ላይ 140 ፓውንድ የሚል ቢጫ ተለጣፊ አለ። የተለጠፈው የአባቴ ፊርማ ላይ ነው። ግማሹን ሸፍኖታል። ከሥሩ 1964 የሚለው ይታያል።

እነዚያን ሸክላዎች መልስልኝ አልኩት። "ዋጋቸው ተለጥፏል" አለኝ። ከዚያ ዞሮ ስልኩን ማየት ጀመረ። ወጣቱ በሩን ከፈተልኝ። አክብሮኝ አይደለም።

እየሄድኩ ስንት ነገር ታየኝ። ለምን ካሽ ከፈልኩ? ለምን ደረሰኙን ሳላነብ ኪሴ ከተትኩ? ማጉያ መነጽር እኮ እኔም አለኝ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አባቴ በአሥር ብር ዕቃ ላይ ሩብ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነበር።

እናንተ ደረሰኝ ላይ የባንዱን ስም፣ ዓመቱንና "የመጀመሪያ እትም" የሚለውን ቃል ሳታስጽፉ አትክፈሉ። እንግሊዝ አገር ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ በሕግ መብታችሁ ነው፣ ግን የተባለውን ማሳየት አለባችሁ። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ ካለፈ ካርድ ሰጪው ባንክም ይጠየቃል። የቤተሰብ ሸክላ በልዋጭ አትስጡ።

አንድ ልመና አለኝ። ማንቸስተር ውስጥ መሃሉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተፈረመበት፣ 1964 የሚል የአለማየሁ ሸክላ ግድግዳ ላይ ካያችሁ እባካችሁ አትግዙት። ደመወዜ የሚገባው የፊታችን ዓርብ ነው።