የግራናይት ደረጃዬ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ እናቴ ጭቃውን መረጠች

ነሐሴ ላይ ነው። ፍልሰታ ገብቷል። መስኮት ላይ ቆሜ ቡና እየጠጣሁ ነበር (አዎ፣ በጾም፣ ተዉኝ)። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ አየኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ እንደ ከዘራ ይዛለች፣ እግሯ ላይ ያችው ኮንጎዋ ናት። በሩን ከፍታ ገባችና ከአዲሱ ደረጃ ሥር ቆመች። ቀና ብላ አየችው። 23 ደረጃ፣ ጥቁር ግራናይት፣ እያንዳንዱ ላይ ደመናው ይታያል። ከዚያ ዞር አለችና በጎን በኩል፣ ግንበኞቹ አሸዋ ሲያመላልሱበት በነበረው የጭቃ መንገድ፣ ቁጥቋጦውን እየያዘች ሽቅብ መውጣት ጀመረች።

ሮጬ ወጣሁ። "እማዬ፣ ደረጃው አለ አይደል እንዴ?"

"ጭቃው ይሻለኛል ልጄ። እሱ ቢያንስ እግር ይይዛል" አለችኝ።

ያንን ደረጃ ያሰራሁት ለእሷ ብዬ ነው።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ነው፣ የእንጦጦ እግር ሥር። ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከመንገድ እስከ ሳሎን ድረስ ትንፋሽ መቁረጥ ግዴታ ነው። ከግቢው በር እስከ በረንዳው 3 ሜትር ከ68 ነው ከፍታው፣ እኔው በሜትር ለክቼዋለሁ። የድሮውን ደረጃ አባቴ በ1979 ነው ያሰራው። ተራ አርማታ፣ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ። 20 ደረጃ ነበር። ልስኑ ከረገፈ ቆይቷል፣ ጠጠሩ አፍጥጦ ይታያል፣ የየደረጃው አፍ ተሸራርፏል። ሁለት ቦታ ላይ ፌሮው ወጥቶ ዝጓል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ የያዘውን አርማታ ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ውሃ ያስገባል፣ ውሃው ብረቱን ይብስ ያዝገዋል። ነገሩ እዚያ ከደረሰ በኋላ ላዩን በሲሚንቶ መለቅለቅ ለአንድ ክረምት ነው። እኔ ሁለቴ ለቅልቄ አይቼዋለሁ።

የከፍታው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የመጀመሪያው 14 ሳንቲ፣ ሦስተኛው 21፣ ዘጠነኛው 24። እኛ ተወልደን ያደግንበት ስለሆነ እግራችን በቃሉ ያውቀዋል። እንግዳ ግን ዘጠነኛው ላይ ሁልጊዜ ይደናቀፋል። እናቴም ዕድሜዋ ሲገፋ ዘጠነኛው ላይ ቆማ ማረፍ ጀመረች። እና ወሰንኩ፣ ይፍረስ።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ሻጩም ምናልባት ጥሩ ልጅ ነው፣ እናት ይኖረዋል። "ለመግቢያ ደረጃ ነው፣ ውጭ ነው፣ ዝናብ ያገኘዋል" ብዬ ነው የገባሁት። ቃል በቃል ይህንኑ ብያለሁ፣ ባለቤቴ ምስክር ናት። መጀመሪያ እብነ በረድ አሳየኝ። እሱን አልፈልግም አልኩ። እብነ በረድ ለስላሳ ድንጋይ ነው፣ ሎሚ እንኳን ሲፈስበት ይበላዋል፣ ለውጭ ደረጃ አይሆንም። ይህንን በማወቄ በጣም ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። አዋቂ ገዢ! ከዚያ ጥቁሩን ግራናይት አወጣ። ባለ 3 ሳንቲ ውፍረት፣ ፖሊሽ የተደረገ። በእጅጌው ወልወል አደረገና "ጋሼ፣ መስታወት ነው እኮ! ፂምዎን መላጨት ይችላሉ" አለኝ።

አየሁት። ፂሜ ታየኝ። ከፈልኩ።

ስንት እንደከፈልኩ አልናገርም። ባለቤቴ ትክክለኛውን ቁጥር እስካሁን አታውቀውም፣ ይህንንም ታነበዋለች።

ግንበኛው በሥራው የሚታማ አልነበረም። አሮጌውን አፍርሶ አዲስ አርማታ ሞላ፣ ሰባት ቀን ሙሉ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ውሃ አጠጣው፣ 28 ቀን ሳይሞላ ግራናይቱን አልለጥፍም ብሎ እኔን ሲያበሳጨኝ ከረመ። ልክ ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድም ስንጥቅ የለም፣ አንድም የተነሳ ድንጋይ የለም። ከፍታውም 23ቱም እኩል 16 ሳንቲ፣ መርገጫው 30። ሁለት ጊዜ ከፍታው ሲደመር መርገጫው ከ60 እስከ 64 ሳንቲ መሀል ሲሆን ነው ሰው ሳይደክመው የሚወጣው፣ የእኛው 62 መጣ። ጥር ላይ ሲያልቅ እናቴ ሳታርፍ በረንዳው ደረሰች። ዞር ብላ አየችውና "አባትህ ቢያየው" አለች። ያን ቀን ይህን ግምገማ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ከአሥር አሥር ነበር የምሰጠው።

እስከ መጋቢት ፀሐይ ነበር። ጎረቤት እየመጣ ያደንቃል። አንዱማ ጫማውን አውልቆ ሊወጣ ነበር። መጋቢት መጨረሻ ላይ የበልግ ዝናብ ጣል አደረገና የጎረቤት ልጅ አምስተኛው ላይ በቂጡ ቁጭ አለ። ሳቅን። ልጅ ነው፣ ይሮጣል፣ አልን።

ሰኔ ላይ የኔ ተራ ደረሰ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ እየወረድኩ ነው። አልሮጥኩም። አሥራ ሁለተኛው ላይ እግሬ ከሥሬ ጠፋ፣ ሌላ ቃል የለኝም፣ ጠፋ። አራት ደረጃ በጀርባዬ ወረድኩ። ጀሪካኑ ቀድሞኝ በሩ ጋ ደረሰ። ለሦስት ሳምንት በጎኔ መተኛት አልቻልኩም፣ ሳስነጥስ እንባዬ ይመጣ ነበር።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። መልሱን እንደወረደ ልንገራችሁ፦ "ጋሼ፣ ግራናይት እኮ ውሃ ሲነካው ትንሽ ያንሸራትታል። ምንጣፍ ያንጥፉበት።"

እስኪ አሁን እንነጋገር ወንድሜ። ያንሸራትታል ብለህ ካወቅህ፣ ፂም ስታስላጨኝ ለምን አልነገርከኝም? "እርስዎ አልጠየቁም" ትለኝ ይሆናል። ዝናብ ያገኘዋል ብዬሃለሁ። "ሁሉም ሰው ይህንኑ ነው የሚወስደው" ትላለህ። እሱ እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ዞሬ አየሁ፣ ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ ሕንፃውም መግቢያው ላይ ይህንኑ መስታወት ደርድሮ ክረምት ሲገባ ካርቶን ያነጥፍበታል። በዚያ ሁሉ ገንዘብ ድንጋይ ገዝቶ ካርቶን ላይ መሄድ። ምንጣፉንስ ማን ሊያጥበው ነው፣ 23 ምንጣፍ? አንተ ትመጣለህ?

ነገሩ ቀላል ነው፣ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ጠፋ እንጂ። ግራናይቱ በራሱ አያንሸራትትም። የሚያንሸራትተው ፖሊሹ ነው። ሸካራ ድንጋይ ሲረጥብ ጉብታዎቹ ውሃውን ሰንጥቀው ከጫማው ሶል ጋር ይገናኛሉ። ፖሊሽ የተደረገው ላይ ግን ጉብታ የሚባል ነገር የለም፣ ውሃው እንደ ስስ ላስቲክ መሀል ላይ ይተኛል፣ እኛም በድንጋዩ ፋንታ ውሃውን እንረግጣለን። በዚያ ላይ የእኛ ሰፈር ባህር ዛፍ አለ። ቅጠሉ ረግፎ እርጥቡ ላይ ሲለጠፍ ሳሙና በሉት።

ሐምሌ ላይ ሌላ ሱቅ ገብቼ የሴራሚክ ካርቶን ላይ "አር 11" የሚል ጽሑፍ አየሁ። ምንድነው ብዬ አጣራሁ። የጀርመኖች መለኪያ ነው። ዘይት የፈሰሰበት ተዳፋት ላይ ሰው ያራምዳሉ፣ ቀስ እያሉ ተዳፋቱን ከፍ ያደርጉታል፣ ሰውየው መንሸራተት የሚጀምርበትን ዲግሪ ይመዘግባሉ። ከአር 9 ይጀምራል፣ እስከ አር 13 ይሄዳል፣ ቁጥሩ ሲጨምር የበለጠ ይይዛል። ለውጭ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ አር 11 ይመከራል። ወደ መጀመሪያው ሻጭ ደውዬ "የሸጥክልኝ አር ስንት ነው?" አልኩት። "አር ማለት?" አለኝ። ተመስገን ብዬ ዘጋሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ግንበኛውም አጥፍቷል። ውሃ ልኩን እያስቀመጠ "እየው ጋሼ፣ ንቅንቅ አይልም" ሲለኝ አብሬው እኮራ ነበር። ለካ የውጭ ደረጃ ፍጹም ልክ መሆን የለበትም! ወደ ፊት ትንሽ ማዘንበል አለበት፣ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት። ለ30 ሳንቲ መርገጫ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ብቻ ማለት ነው፣ ዓይን አያየውም፣ ውሃ ግን ያውቀዋል። የእኛው ቀጥ ስላለ ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላም ውሃው እዚያው ተኝቶ ይጠብቀናል።

ጥቁሩን ሸካራ ቴፕም ሞክሬያለሁ፣ ይህንን ልትነግሩኝ አፋችሁን የከፈታችሁ ካላችሁ። ደረቅ ቀን ጠብቄ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ 23ቱም ላይ ለጠፍኩ። ለሁለት ሳምንት ጀግና ነበርኩ። ከዚያ ሐምሌ ሐምሌ ሆነ። ቴፑ ከጫፍ ጫፉ እየተነሳ ተጠቀለለ፣ አሁን ደግሞ ማንሸራተት ብቻ ሳይሆን ማደናቀፍም ተጨመረልን። ነሐሴ ላይ እናቴ ጭቃውን ስትመርጥ ግማሹ ቴፕ ግቢ ውስጥ ተበትኖ ነበር።

ያን ቀን ላፈርሰው ነበር። የምሬን ነው፣ መዶሻ ይዤ ወጥቼ ነበር። ባለቤቴ ስንት እንደወጣበት ጠየቀችኝና መዶሻውን አስቀመጥኩ።

ከላይ ሰፈር አንድ ድንጋይ ጠራቢ ሽማግሌ አሉ። ጳጉሜን ላይ ጠራኋቸው። መጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ መዳፋቸውን ግራናይቱ ላይ አሻሹ።

"ማነው ይህን ድንጋይ እንዲህ ያለሰለሰው?"

"ፋብሪካ ነው አባባ።"

"ከፍለህ ነው?"

"ከፍዬ ነው።"

"አሁን ደግሞ ከፍለህ ታሻክረዋለህ" አሉና መሮአቸውን አወጡ።

አራት ቀን ፈጀ። ልጃቸው በግራይንደር የየደረጃው አፍ ላይ ሦስት ሦስት ቀጭን ቦይ ሰነጠቀ፣ ውሃ እያፈሰሰበት፣ ምክንያቱም የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ይበላል። እሳቸው ደግሞ ከቦዩ ጀርባ አራት ጣት ስፋት ያህል በመሮ ነጥብ ነጥብ አድርገው አቆሰሉት። ኮረት የመሰለ ግራጫ መስመር ወጣ። ፖሊሹ መሀሉ ላይ ቀርቷል፣ እግር የሚያርፍበት ግን ሸካራ ነው። ድምፁን አትጠይቁኝ። ጎረቤት ሁሉ የአዲስ ዓመት ዝግጅቱን ትቶ እኛን ሲረግም ነበር። ኋላ ላይ ሰማሁ እንጂ ድንጋዩን ሲገዙ ላዩ በእሳት ተለብልቦ የሻከረ ግራናይት ማዘዝም ይቻላል። ከመነሻው ያንን ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ያምራል? አያምርም። አንዱ እንግዳ "ምነው፣ ተፋቀ እንዴ?" አለኝ። ግን መስከረም አጋማሽ ላይ ያን የመጨረሻ ዶፍ ሲጥል ወጥቼ በስሊፐር ወረድኩበት፣ ወጣሁበት፣ እንደገና ወረድኩ። ያዘኝ። እናቴ መስኮት ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። በማግስቱ ለመስቀል ደመራ ስትወጣ በደረጃው ወረደች። ዘጠነኛው ላይ ቆም አለች፣ ከልማድ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀጠለች። ስትመለስም በደረጃው ነው። ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ እኔም አላነሳሁባትም።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። የአባቴ ደረጃ ያ አስቀያሚው፣ ጠጠሩ ያፈጠጠው፣ 38 ዓመት ሙሉ አደናቅፎን ያውቃል እንጂ አንድም ሰው አንሸራትቶ አያውቅም። ጠጠሩ ነበር የሚይዘን። እኔ ያረጀ መስሎኝ በአካፋ ዝቄ በሲኖትራክ አስጫንኩት።

ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ ብትሉኝ፣ ጥር ላይ 10፣ ነሐሴ ላይ 2። ዛሬ ጥቅምት ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ጎኔም ድኗል፣ 6 ልበል። ግንቦት ላይ ብትጠይቁኝ እቀንስ ይሆናል። ልትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር ለምኜአችኋለሁ፦ ሱቅ ስትሄዱ አንድ ሃይላንድ ውሃና የእናታችሁን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ናሙናውን መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ውሃውን አፍስሱበት፣ ጫማውን አድርጋችሁ ቁሙበት። ሻጩ እብድ ነው ብሎ ቢያያችሁ ይየው።

ባለፈው ሳምንት ያው ሻጭ ደወለልኝ። ድምፁ ማር ነው። "ጋሼ፣ ለበረንዳዎ የሚሆን ትንሽ ትርፍ ግራናይት ገብቶልኛል፣ ለእርስዎ በቅናሽ።"

"ፖሊሽ ነው?" አልኩት።

"እንዴታ! መስታወት ነው እንጂ!"

ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።