ኤምሲስ2፣ ሲሜክ እና ኒንጃ፦ አዳማ ላይ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አዳማ ውስጥ ለመኪና መለዋወጫ ሱቆች የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እሠራለሁ። የምጽፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። መስኮቱን፣ ሜኑውንና ሰንጠረዡን የሚያወጣልኝ ደብሊውኤክስ ዊጀትስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ነው። አንድ ኮድ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ ፈቃዱም ኮዴን ሳልገልጥ ፕሮግራሜን ለመሸጥ አይከለክለኝም። እሱን ከወደድኩት ቆይቻለሁ። ዛሬ የማወራው ዴስክቶፔ ላይ ኮምፓይል ስለማደርግባቸው፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስለምቀይርባቸው መሣሪያዎች ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከእጄ አልወጡም።

ዊንዶውስ ላይ ዋናው ምርጫ በሁለት መካከል ነው። ወይ የማይክሮሶፍቱ ቪዥዋል ስቱዲዮ፣ ወይ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር የሚያቀርበው ኤምሲስ2። ለግለሰብ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ግን መጀመሪያ ላይ አስቦ መወሰን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአንዱ የተሠራ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ሁለቱ ኮምፓይለሮች ለፈንክሽኖች የሚሰጡት የውስጥ ስም ይለያያል። ክፍሎቹን አገጣጥሞ አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው ሊንከር ስሙን ሲፈልግ ያጣዋል፣ ሥራውም እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ላይብረሪውም የራስዎ ኮድም ከአንድ ኮምፓይለር መውጣት አለባቸው።

እኔ ኤምሲስ2ን መረጥኩ። በውስጡ ካሉት አማራጮች ዩሲአርቲ64 የሚባለውን ነው የምጠቀመው። ላዩ ላይ ሲሜክ (የኮምፓይሉን ዕቅድ የሚያወጣ)፣ ኒንጃ (በዕቅዱ መሠረት ኮምፓይለሩን የሚያስነሳ) እና ሲካሽ (የተሠራውን የሚያስቀምጥ) ጨመርኩ።

ደብሊውኤክስ እዚያው ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ታዲያ ለምን ራሴ ኮምፓይል አደርገዋለሁ? በደንበኞቼ ምክንያት ነው። ዝግጁው ብዙ ዲኤልኤል ፋይሎች (ከፕሮግራሙ ውጭ ለብቻቸው የሚቀመጡ የላይብረሪ ፋይሎች) አብረው እንዲሄዱ ይፈልጋል። አንዷ ከጎደለች ፕሮግራሙ አይከፈትም። ባለሱቁ ደግሞ ገዢ ፊቱ ቆሞ እያለ ዲኤልኤል ምንድን ነው ብሎ አይመራመርም፣ ስልክ ነው የሚያነሳው። ላይብረሪውን በስታቲክ (ፕሮግራሙ ውስጥ በሚካተት መልክ) አውጥቼ፣ ሊንክ ሲደረግም የጂሲሲን የራሱን ላይብረሪዎች በስታቲክ ሳስገባ፣ ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ይጠቃለላል። አንድ ፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ አለቀ። እነዚህን መሣሪያዎች ለመምረጥ ይህ ብቻውን ይበቃኝ ነበር።

ኒንጃን ግን በደንብ ላመስግነው። ደብሊውኤክስ ትልቅ ነው፤ ከመጀመሪያው ኮምፓይል ሲደረግ ጊዜ ይበላል። መሃል ላይ መብራት ሊሄድ ይችላል። መብራት ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ እደግማለሁ፤ ኒንጃ ያለቀውን ትቶ ከቀረው ይቀጥላል። አንዳንዴ መብራቱ ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረ ፋይል ተቆርጦ ይቀራል። ያኔ ሊንከሩ ፋይሉን አላውቀውም ይላል፣ ስሙንም ይጠራል። ያችን ፋይል ብቻ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ሙሉ ፎልደሩን ማጥፋት አያስፈልግም። ቢጠፋ እንኳ ሲካሽ አለ፤ ቀድሞ ኮምፓይል የተደረገውን አስቀምጦ ስለሚጠብቅ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም።

ኒንጃ ሁሉንም የፕሮሰሰር ኮር ነው የሚይዘው። የአዳማ ሙቀት በበረታበት ቀትር ላይ የኮምፒውተሬ ፋን ይጮሃል፣ ማሽኑም ለሌላ ሥራ አይታዘዝም። በዚያ ሰዓት አብረው የሚሄዱትን ሥራዎች ቁጥር ቀንሼ ነው የማስነሳው።

ለአማርኛ ጽሑፍም ተመችቶኛል። ጂሲሲ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር የኮዱን ፋይል በዩቲኤፍ 8 (አማርኛንም በሚይዝ የፊደል ኮድ) ያነበዋል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ግን ይህን ራስዎ ማዘዝ አለብዎት፤ አለበለዚያ «ዋጋ» ብለው የጻፉት ቁልፍ ላይ የማይነበብ ምልክት ሊመጣ ይችላል። በየትኛውም ኮምፓይለር ቢሆን ዊንዶውስ ላይ ከአማርኛው ጽሑፍ በፊት የ«L»ን ፊደል ማስቀደም አይርሱ። ዊንዶውስ 10 ኤብሪማ የሚባለውን ፎንት ይዞ ስለሚመጣ ደንበኛው ጋ ሌላ ፎንት መጫን አላስፈለገኝም።

ያልተመቸኝም አለ። ስህተት ለማደን የቪዥዋል ስቱዲዮ ዲበገር በጣም ይሻላል። ከጂሲሲ ጋር የምጠቀመው ዲበገር ጂዲቢ በጥቁሩ መስኮት ሥራውን ይሠራል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የጂሲሲ መደበኛ ሊንከርም ስታቲክ ላይብረሪ ላይ ዘገምተኛ ነው። ኤልኤልዲ በሚባል ሌላ ሊንከር ስተካው ልዩነቱን ወዲያው አየሁት። የዊንዶውስ ዲፌንደርም እያንዳንዱን አዲስ ፋይል ስለሚፈትሽ ያዘገያል፤ የቢልድ ፎልደሩን ከፍተሻ ማስወጣት ይረዳል። ፎልደሩ አጭር ስም ያለው፣ ክፍተትም አማርኛም የሌለበት ይሁን።

ትልቁ ጣጣ ማሻሻያው ነው። ኤምሲስ2 ሁልጊዜ ወደ አዲሱ ስሪት ነው የሚሄደው። ጂሲሲ ሲቀየር የሲካሽ ክምችት ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ደብሊውኤክስ ደግሞ በዲኤልኤል መልክ ከተሠራ ላይብረሪውና ፕሮግራሙ በተለያየ የኮምፓይለር ስሪት እንደወጡ ካወቀ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ አይጣጣሙም ብሎ ያቆመዋል። ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው፣ ግን ሥራ ለማስረከብ በተጣደፉበት ቀን ባይመጣ ይመረጣል። ስለዚህ አንድ ሥራ እስካስረክብ ምንም አላሻሽልም። ከማሻሻሌ በፊትም ሙሉ የኤምሲስ2ን ፎልደር ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ሁሉንም ከኔት ለማውረድ አትቸኩሉ። ኤምሲስ2 ያወረዳቸውን ጥቅሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ቀድሞ የጫነ ጓደኛ ካላችሁ ያንን ፎልደር በፍላሽ ውሰዱና በፓክማን (በኤምሲስ2 የጥቅል መጫኛ) ከዚያው ጫኑት። አንድ ጥቅል የሚፈልጋቸው ሌሎች ጥቅሎችም አብረው መኖራቸውን አረጋግጡ፤ ከጎደለ ፓክማን ስሙን ጠርቶ ይነግራችኋል፣ የጎደለውን ብቻ በዳታ ታወርዳላችሁ።