ወደ ጅሬን ዕቃ ለሚያመላልሰው ባለ ኤሌክትሪክ ባጃጅ ምስጋና

ጅማዎች፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው የጅሬን መንገድ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ልጅ አለ። የሚነዳው የጭነት ባጃጅ ነው፤ ቻርጅ የሚደረገውን። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጽፍም። ሳላመሰግነው ባልፍ ግን ደስ አይለኝም።

እኛ ሰፈር ዕቃ ማስመጣት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ወርዳችሁ ጤፍ ትገዛላችሁ። ባለ ባጃጁ «ኮንትራት ነው» ይላል። ዋጋውን ስትሰሙ ጤፉን ለባለሱቁ መመለስ ያምራችኋል። ተስማምታችሁ ብትመጡም ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ አይገባም። «ጭቃ ነው፣ እዚሁ ላውርድልሽ።» ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተና የወገባችሁ ጉዳይ ነው። በሹፌሮቹ አልፈርድም። ከ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በላይ ነው። ማደያ ተሰልፎ የዋለ ሰው ባዶውን ለሚመለስበት መንገድም ቢያስከፍል አይገርምም።

ይሄኛው ልጅ ግን ባዶ መሄድ አይወድም። ማታ ማታ ትዕዛዝ ይቀበላል። የአንዷን ጤፍ፣ የሌላውን ሲሊንደር፣ የሰፈር ሱቁን ዘይትና ሳሙና አንድ ላይ ጭኖ ይወጣል። ሒሳቡን እንደየዕቃው ክብደት ያካፍለናል፤ በቴሌብር ትልካላችሁ፣ አለቀ። ሲወርድ ደግሞ የገበሬዎቹን ማር፣ አቮካዶና ጎመን ይዞ ይወርዳል። ሐሙስ ለሂርማታ ገበያማ ቦታ ለማግኘት ቀድሞ መናገር ነው። እኔን የገረመኝ ከባትሪው ይልቅ ይሄ ነው። ባዶውን የሚመላለስ መኪና በኤሌክትሪክ ቢሄድም ያው ብክነት ነው።

ባትሪውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲወራ እንሰማለን። ወሬው ሁሉ ስለ ቤት መኪና ነው። ዳር ላይ ላለን ሰዎች የሚጠቅመን ግን ይሄ ባለ ሦስት እግሩ ነው። ልጁ ማታ ቤቱ ይሰካዋል። የሞተር ዘይት ቅየራ የለ፣ ካንዴላ የለ። ቤንዚኑ ከጅቡቲ በቦቴ ስንት አገር አቋርጦ ነው ጅማ የሚደርሰው። የሀገራችን መብራት ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ እንኳ ከዚህ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው።

ችግሩ ያው መብራቱ መጥፋቱ ነው። እሱም ቢሆን አያስጨንቀንም፤ ቀድሞ ይደውላል። «አዴ፣ ሌሊት መብራት ስላልነበረ ባትሪው አልሞላም። መድኃኒቱን ዛሬ አመጣለሁ፣ ጤፉን ለነገ እናድርገው?» ይላል። አቀበቱ በጭነት ባትሪ ይበላል። የእሱ ደግሞ የአሲድ ባትሪ ስለሆነ ጨርሶ እየተሟጠጠ ከሠራ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ «ይደርሳል፣ ግድ የለም» ብሎ መሀል መንገድ ላይ አይቆምም። እንዲህ ያለ የማይዋሽ ሹፌር ስንት አለ?

ሌላው ጥንቃቄው ነው። ዕቃውን በሸራ ይሸፍናል። እንቁላል ከላይ፣ ሲሊንደር ታስሮ፣ ዱቄት ከሳሙና ርቆ። እናቴ ብቻዋን ስትሆን ኩንታሉን ደጃፍ ጥሎላት አይሄድም፤ ጓዳ አስገብቶላት ነው የሚመለሰው። ለዚህ ተጨማሪ ብር ጠይቆ አያውቅም።

እንከኑንም ልንገራችሁ። አሁኑኑ ድረስልኝ ለሚል ሰው አይሆንም፤ ተራውን ጠብቆ ነው የሚሄደው። ሽቅቡን ቀስ ይላል። አርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት ስልኩን አያነሳም፣ አታጨናንቁት። ክረምት ላይ ዶፍ ከያዘም ውስጥ ውስጡን ጭቃ እሱም አይደፍረውም። ያኔ ግን ወርዶ ከእኛው ጋር ይሸከማል።

ከጅሬን ውጪ ለጊዜው አይሠራም። ቦዬና ቆጪ በኩል ያላችሁ ግን ጎረቤት ሰብስባችሁ አንድ ሙሉ ጭነት ከሆናችሁ አናግሩት፣ እሺ የሚል ይመስለኛል። መርካቶ እህል በረንዳ ያሉ ነጋዴዎችን «ድምፅ የሌለው ባጃጅ» ብላችሁ ብትጠይቁ ስልኩን ይሰጧችኋል። ማታ ከ2 ሰዓት በፊት ደውሉለት። ስንት ኪሎ እንደሆነም እቅጩን ንገሩት፤ ጭነቱን የሚደለድለው በዚያ ነው።